የተሰካ ጥብስና የእናት ድርሻ

ደመወዝ በወጣ ሰሞን፣ ወደ ማታ ግድም፣ ከቄራ እስከ ጎፋ፣ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ባሉት ሥጋ ቤቶች በር ላይ ቢያልፉ የጥብሱ ሽታ ገና ከሩቅ ይቀበልዎታል። ፍሙ ቀልቷል፤ የጥብስ ቅጠሉ ይሸታል፤ ቢላዋው ከመክተፊያው ጋር ይማታል። ከበው የሚበሉት ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ሴቲቱ በዚያ ሰዓት ከሥራ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች፤ አለዚያም እቤቷ ደርሳ ሽንኩርት ትከትፋለች። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ትንሽ ለወቀሳም ቢሆን ግን ቅር አይለኝም።

ወደ ቤት የሚገባው ሥጋስ እንዴት ይከፋፈላል? እናቴ ዶሮ ስትሠራ 12ቱ ብልት ሁሉ ባለቤት ነበረው። ፈረሰኛው የአባቴ ነው፤ እግሩ ለእንግዳ ወይም ለልጅ ይወጣል፤ ለእርሷ አንገቱ ይቀራል። እርሷም «እኔ አንገት እወዳለሁ» ትለን ነበር። ልጆች ሳለን አመንናት። የጥብስና የቀይ ወጥ ነገርማ ከዚህም የባሰ ነው፤ ከድስት ሲጨለፍ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፤ ለእናት የሚተርፈው መረቁ ነው።

ነገሩ የስስት ጉዳይ እንዳይመስልዎ። በወር አበባ፣ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሴት አካል የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን በመውለጃ ዕድሜዋ ከወንድ ድርሻ በእጥፍ ይበልጣል። የብረት ማዕድን ሲጎድል ደም ማነስ ይመጣል፤ ደረጃ ሲወጡ ልብ መምታት፣ ራስ ማዞር፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ይከተላል። ከምስርና ከጤፍም ብረት ይገኛል፤ ይሁን እንጂ አካላችን በቀላሉ የሚቀበለው በቀይ ሥጋ ያለውን ነው። እንግዲህ ብዙ የሚያስፈልጋት ትንሹን ትበላለች ማለት ነው።

እኔ በቤቴ ሥጋ ሰክቶ መጥበስ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሥጋን በዘንግ ሰክቶ መጥበስ ብዙ ሕዝብ የሚያውቀው ሙያ ነው፤ ቱርኮች ሺሽ ከባብ ይሉታል፤ በኬንያና በታንዛኒያ ሚሽካኪ ይባላል፤ በናይጄሪያ ደግሞ የተፈጨ ለውዝና ቃሪያ ነስንሰው ሱያ ያደርጉታል። በእኛ አገር ዝልዝሉንና የሸክላውን ጥብስ እንጂ የተሰካውን በብዛት አናውቅም፤ ቅመሙ ግን ሁሉም በእጃችን ነው። ዘንጉ ደግሞ ይቆጠራል። በእኔ ቤት አምስት ነን፤ አምስት ዘንግ ይሰካል፤ አንዱ የእኔ ነው። አንዲት ጎረቤቴ «ማዕድ አይቆጠርም፤ በረከቱን ያሳጣል» ብላኛለች። የዶሮው 12 ብልት ሳይቆጠር ቀርቶ ነው?

ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይበቃል። የቄራ ማኅተም ካለበት ሥጋ ይግዙ። ሽንጥ ቢሆን መልካም ነው፤ ዋጋው ካልተቻለ ዳቢትም ይሆናል። ሽፋኑንና ጅማቱን ያንሱ፤ የሥጋውን ክር አቋርጠው በሁለት ጣት ስፋት ይቁረጡ፤ ወደ 20 ቁራጭ ይወጣዋል። ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ይውቀጡ፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ያንኑ ያህል ቁንዶ በርበሬ፣ ቁንጥር ጥቁር አዝሙድ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያላለፈ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሥጋውን ይሹበት። ሁለት ሰዓት ያህል በማቀዝቀዣ ይቆይ። ሌሊቱን አያሳድሩት፤ ሎሚው የሥጋውን ላይ ያላሽቀዋል።

በርበሬ እስካሁን አልጨመርንም፤ ይህ ዋናው ነገር ነው። በርበሬ ደቃቅ ስለሆነ ፍም ላይ ወዲያው ያርርና ሥጋውን መራራ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በጥቂት ጠጅ ወይም በውኃ ለውሰው፣ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ጠብ አድርገው ለብቻው ያቆዩት።

ዘንጉ የቀርከሃ ከሆነ እንዳይቃጠል ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ዚንክ የተቀባ የአጥር ሽቦ ቆርጠው እንዳይጠቀሙ አደራ፤ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ለጤና ጎጂ ነው። አራት አራት ቁራጭ፣ በመካከሉ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ከተገኘም ቅንጣት ሻኛ እያደረጉ ይሰኩ፤ ሻኛው እየቀለጠ ቀዩን ሥጋ ያወዛዋል። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ ይጣዱት፤ እያገላበጡ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ሊወጣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የጥብስ ቅጠል ዘለላ አስረው እንደ ብሩሽ አዋዜውን ይቀቡበት። እንዲህ ያለ ብሩሽ ከየትም ሱቅ አይገኝም!

ወፍራሙን ቁራጭ ሰንጥቀው ይዩት። በተለይ ለልጆች የሚሰጠው መሐሉ ድረስ መብሰል አለበት፤ የኮሶ ትል የሚተላለፈው ባልበሰለ የከብት ሥጋ ነውና። ጥሬው የተከተፈበትን መክተፊያ ሳያጥቡ ሰላጣ አይክተፉበት። ለትንንሾቹ ሥጋውን ከሹሉ ዘንግ አውጥተው ያቅርቡላቸው። ቡናውንና ሻዩን ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ያዘግዩት፤ ከምግቡ ጋር ከተጠጣ አካል የሚቀበለውን ብረት ይቀንሳል። በእኛ ቤት ከሁሉ የከበደው ትእዛዝ ይህ ነው።

አሁን ስለ ከሰሉ። በጀሞ፣ በለቡና በጎፋ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ብዙዎቻችን ግቢ የለንም። ዝናብ ሲመጣ ወይም ሲመሽ ምድጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ያምረናል፤ «ጢስ የለውም፤ ፍም ብቻ ነው» እንላለን። አደጋው ያለው እዚያው ፍሙ ላይ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በመጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መስኮት ገርበብ ማድረግ መተማመኛ አይሆንም፤ በተሸፈነ በረንዳም ቢሆን ጋዙ ወደ ክፍል ይገባል። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ለማረጃ፣ ለማጠቢያና ለማብሰያ ተብለው የጋራ ቤቶች ተሠርተዋል፤ በእርስዎ ሰፈር ያለው ለዚሁ ሥራ ክፍት ከሆነ ይጠቀሙበት፤ ካልሆነ ከሕንፃው ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ይጥበሱ። ያም ካልተመቸ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ይሠራል፤ የፍሙ ሽታ ይጎድለዋል እንጂ ሥጋው ያው ነው።

ራስ ምታትና ማዞር የተሰማው ሰው ካለ ወዲያው ወደ አየር አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ያድርሱት። ጥብሱ ካለቀ በኋላም ቤት ይሞቅልናል ተብሎ የተረፈው ፍም አይገባም፤ እዚያው ውጭ ውኃ ቀስ እያሉ አርከፍክፈውበት፣ በእንጨት ገልጠው ሥሩ መጥፋቱን ይዩ። የጠፋው ከሰል ደርቆ ለሌላ ቀን ያገለግላል።