ዋንዛው ለምን ይጠቁራል?

ዛሬ ስለ ራውተር ነው የማወራው። የዋይፋዩን አይደለም፣ የእንጨት ቤቱን ነው። በተለይ ቢቸና ያስተማርኳችሁና እንጨት ሥራ የገባችሁ ልጆች፣ ሳትጨርሱ እንዳታልፉ።

ሰሞኑን ሞጣ የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። "ቲቸር፣ ፑንታው አዲስ ነው፣ የዋንዛው ጠርዝ ግን እየጠቆረ አስቸገረኝ። ደንበኛው በሩን አልረከብም አለ።" ዋንዛ ዛሬ በስንት እንደሚገኝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። "እንዴት ነው የምትገፋው?" አልኩት። "ቀስ አድርጌ፣ ተጠንቅቄ" አለኝ። ችግሩ እሱ ነው!

ባለ 2 ጥርስ ፑንታ በደቂቃ 18,000 ጊዜ ቢዞር እንጨቱን 36,000 ጊዜ ይነክሰዋል። በደቂቃ 3.6 ሜትር ብትገፉ እያንዳንዱ ጥርስ 0.1 ሚሊ ሜትር ያነሳል። ግማሽ ሜትር ብቻ ብትገፉስ? 0.014 ገደማ። ይሄ መቁረጥ ሳይሆን መፈተግ ነው። ሙቀቱን ይዞ የሚወጣ ፍቅፋቂ የለማ! እንጨቱ ይቃጠላል፣ ፑንታውም ይደንዛል። ሰጋቱራችሁን እዩት፤ እንደ ዱቄት ከላመ ወይ ግፊቱን ጨምሩ ወይ ዙሩን ቀንሱ። ሞተሩ እያቃሰተ ከደከመ ደግሞ አብዝታችሁታል፤ ጥልቀቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍላችሁ አውጡት።

"ቲቸር፣ ፓይ ምን ያደርግልናል?" ትሉኝ ነበር አይደል? ይኸው። 12 ሚሊ ሜትር ፑንታ በ24,000 ዙር ጠርዙ በሴኮንድ 15 ሜትር ይሮጣል። በዚያው ዙር 50 ሚሊ ሜትሩን ብታስገቡ 63 ሜትር፣ በሰዓት 226 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በደጀን ሞጣ መንገድ እንዲህ የሚበር መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ለትልቁ ፑንታ ዙሩን ወደ 12,000 አውርዱ፤ ፑንታው ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ዙርም አትለፉ። ስትገፉም ሁልጊዜ ከፑንታው አዟዟር በተቃራኒ ይሁን፤ አብራችሁት ከሄዳችሁ ማሽኑ ከእጃችሁ ያመልጣል። ጣት እንደ ፑንታ ከሱቅ አይገዛም።

የልጁ ማሽን የዙር መቀነሻ የለውም። "እንግዲያው ትልቁን ፑንታ አውጥተህ አስቀምጠው" አልኩት። ቅር አለው፤ የበሩ ጌጥ የሚወጣው በሱ ነው። እኔ ግን ጣቱን ነው የማስበው።

ትናንት በትንሹ ፑንታ፣ ፈጠን አድርጎ፣ ቁራጭ ዋንዛ ላይ ሞክሮ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ብቻ ቆም ስለሚል ትንሽ ጠቁሯል። ዙር መቀነሻ ያለው ያገለገለ ራውተር የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን።