ሁሉን ትሰማለች፣ አማርኛ ግን አትሰማም

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፍቅር፣ ስለ ዶርም ኑሮና ስለ ፈተና ጭንቀት ነው፡፡ እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ከገና ጀምሮ ቤታችን ስለገባች አንዲት እንግዳ ነው፡፡ እንግዳችን አትበላም፣ ቡና አትጠጣም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላም አትነሳም፡፡ መጠኗ ከትልቅ ብርቱካን ብዙም አይበልጥም፡፡ ስሟ አሌክሳ ነው፡፡ አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ኢኮ ብሎ ካወጣቸው ድምፅ ማጉያዎች ቤተሰብ ናት፡፡ ስሟን ጠርተው ያዘዟትን ትፈጽማለች ተብሏል፡፡

እንዴት መጣች? አያቴ፣ እኛ እማማ የምንላቸው፣ ግላኮማ አለባቸው፡፡ ይህ በሽታ የዓይንን ብርሃን ከዳር ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚወስድ ነው፡፡ እማማ ዛሬ የሚታያቸው ከፊት ለፊታቸው ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ብርሃን ካለ፡፡ አምና ክረምት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመብራት ማብሪያውን በዳበሳ ሲፈልጉ ወደቁና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ፡፡ «ለምን አልቀሰቀሱንም?» ስንላቸው፣ «ነገ ትምህርት ያለባችሁ ልጆች ናችሁ፡፡ ለአንድ አምፖል ብዬ ቤት አላምስም» አሉን፡፡ እማማ እንዲህ ናቸው፡፡ ከመውደቅ ይልቅ ሰው ማስቸገር ይከብዳቸዋል፡፡

ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ ይህን ስትሰማ በስልክ አለቀሰች፡፡ ለገና ስትመጣም አሌክሳንና ሁለት «ስማርት» ሶኬቶችን ይዛ መጣች፡፡ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው ታላቅ ወንድሜ ዕቃዎቹን ገና ሲያይ ሶኬቶቹን ወደ ጎን አደረጋቸው፡፡ ላያቸው ላይ 120 ቮልት ይላል፤ የኛ ሀገር መስመር ደግሞ 220 ነው፡፡ የአሌክሳ ቻርጀር ግን ከ100 እስከ 240 የሚል ስለሆነ ችግር የለውም፡፡ እናም ለ220 የተሠሩ፣ በዋይፋይ የሚታዘዙ ሦስት አምፖሎች ከዚሁ ከከተማችን ተገዙ፡፡ አንዱ ለመኝታ ቤታቸው፣ አንዱ ለኮሪደሩ፣ አንዱ ለመጸዳጃ ቤቱ፡፡

አሁን ትንሽ ቴክኒክ ላውራ፤ እንዳይሰለቻችሁ አሳጥራለሁ፡፡ ወንድሜ አምፖሎቹን የሚያስተዳድረው ሆም አሲስታንት በሚባል ሶፍትዌር ነው፡፡ ይህን ሶፍትዌር ፓውሉስ ስካውትሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ሲሆን በነፃ የሚገኝና ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፡፡ የሚሠራው ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል፣ የመታወቂያ ካርድ በምታክል ኮምፒውተር ላይ ነው፡፡ ትልቁ ጥቅሙ አምፖሎቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት እዚያው ቤት ውስጥ ካለችው ኮምፒውተር መሆኑ ነው፡፡ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራሉ፡፡

አሌክሳ ግን ሌላ ዓለም ናት፡፡ እሷ ውስጥ ያለው አነስተኛ አቅም የራሷን ስም ለይቶ ለመስማት የሚያገለግል ነው፡፡ ስሟ እንደተጠራ ቀጥሎ የሚባለውን ድምፅ ወደ አማዞን ኮምፒውተሮች ትልካለች፡፡ እዚያ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል፣ ጽሑፉ ወደ ትእዛዝ ይቀየራል፣ ትእዛዙ ተመልሶ ይመጣል፡፡ እማማ ከአልጋቸው ሁለት ሜትር ርቆ ያለውን አምፖል ለማብራት ድምፃቸው ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል ማለት ነው!

ሁለቱን ለማገናኘት ሦስት መንገድ አለ፡፡ አንደኛው በየወሩ በዶላር እየከፈሉ በሆም አሲስታንት የክላውድ አገልግሎት በኩል ማገናኘት ነው፡፡ የዶላር ካርድ ከየት ይምጣ? ሁለተኛው በአማዞን ሰርቨር ላይ የራስን አገናኝ ፕሮግራም መጻፍ ነው፡፡ ለዚህ ደግሞ ከውጭ ወደ ቤት የሚያስገባ የኢንተርኔት በር መክፈት ያስፈልጋል፤ ወንድሜ ይህን ፈራው፡፡ ሦስተኛው ዘዴ ትንሽ ተንኮል አለበት፡፡ አሌክሳ ፊሊፕስ ሂዩ የሚባሉትን መብራቶች መቆጣጠሪያ ሳጥን በቤት ኔትወርክ ውስጥ ራሷ ፈልጋ ታገኛለች፡፡ ስለዚህ ሆም አሲስታንት «እኔ ያ ሳጥን ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ይደረጋል፡፡ አሌክሳም ታምናለች፡፡ ማብራት፣ ማጥፋትና ብርሃን መቀነስ ይቻላል፤ ክፍያ የለም፡፡ በዚህኛው መንገድ ሄድን፡፡ በሁለተኛው ቀን ወንድሜ በእንግሊዝኛ ሲያዛት አምፖሉ ቦግ አለ፡፡ ቤቱ በእልልታ ተሞላ፡፡

ችግሩ የመጣው ከእልልታው በኋላ ነው፡፡ አሌክሳ አማርኛ አትሰማም፡፡ እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ሂንዲ፣ አረብኛም ሳይቀር ትሰማለች፤ እኛን ግን አታውቀንም፡፡ እማማን «ተርን ኦን» ማለት ለማስተማር ሦስት ቀን ሞከርን፡፡ በአራተኛው ቀን «እኔ በገዛ ቤቴ መብራት ለማብራት ፈረንጅ መሆን አለብኝ እንዴ?» አሉ፡፡ ጥያቄው እንደ ቀልድ ነበር የተጣለው፡፡ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ፡፡

በሚቀጥለው ቀን ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፡፡ በስልኩ አፕሊኬሽን ላይ አሌክሳ «ሰማሁ» ያለችው ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይታያል፡፡ እማማ በራሳቸው አማርኛ እንዲያዟት አደረግኩና፣ በግራ በኩል ያሉትን፣ በቀኝ በኩል እሷ የሰማችውን መዘገብኩ፡፡ በኢንተርቪው ክፍል የተማርነው ትራንስክሪፕሽን መሆኑ ነው፡፡ እማማ አሌክሳን እንደ ሴት ልጅ ነው የሚያናግሯት፡፡ «አብሪልኝ» ሲሏት አብዛኛውን ጊዜ የሰማችው «ኤፕሪል ኢን» ነው፤ የፈረንጆቹ ሚያዝያ መሆኑ ነው! «አጥፊልኝ» ደግሞ «አት ፊሊንግ» ይሆንባታል፡፡ በ«አጥፊልኝ» ውስጥ ያለችው «ጥ» እኮ በእንግሊዝኛ ድምፆች መካከል የለችም፤ ስለዚህ በምታውቃት «ት» ትተካታለች፡፡

ዘዴው ከዚሁ ተገኘ፡፡ አሌክሳ ላይ «ይህን ሐረግ ስትሰሚ ይህን አድርጊ» ብሎ መመዝገብ ይቻላል፡፡ «ኤፕሪል ኢን» ስትሰማ የመኝታ ቤቱ አምፖል እንዲበራ፣ «አት ፊሊንግ» ስትሰማ እንዲጠፋ መዘገብን፡፡ ከዚያ በኋላ እማማ «አሌክሳ፣ አብሪልኝ» ይላሉ፤ ይበራል፡፡ «ተባረኪ» ብለው ይመርቋታል፤ ምርቃቱ ግን አይገባትም፡፡ ጎረቤቶች እየመጡ ተደነቁ፡፡ እኔ ግን ነገሩ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም፡፡ እማማ አማርኛ እየተናገሩ ነው፤ የሚሰማቸው ግን የለም፡፡ የተሰሙት ሌላ ሰው መስለው ነው፡፡

«አማርኛ የሚሰማ ፕሮግራም የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል፡፡ አለ፡፡ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ መጻፍ ከሚቻልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፡፡ ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዊስፐር የተባለው ሞዴልም አማርኛን ይዘረዝራል፤ ከሆም አሲስታንት ጋር ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል፡፡ ወንድሜ ሞከረው፡፡ በትንሿ ኮምፒውተር ላይ ቀርፋፋ ከመሆኑም በላይ «መብራት» ሲባል ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፋል፡፡ የሞዴሉ ሠሪዎች ራሳቸው ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ በአማርኛ ያገኙት የስህተት መጠን ከመቶ በመቶ በላይ ነው፡፡ ከመቶ በላይ ስህተት እንዴት ይኖራል? ቃላቱን መሳሳቱ ሳያንስ ያልተባሉ ቃላትም ስለሚጨምር ነው፡፡ እንዲህ ያለ ሪፖርተር ቢኖረን ኤዲተሩ ምን ይለው ነበር?

ድምፁ በትክክል ቢሰማ እንኳ ሌላ ሥራ አለ፡፡ የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ለማንም ቢነገር አይለወጥም፡፡ የኛው ግን አብራ፣ አብሪ፣ አብሩ፣ አብራልኝ፣ አብሪልኝ፣ አብሩልኝ፣ ይብራ፣ ይብራልኝ እያለ ይሄዳል፡፡ ማን ማንን እንዳዘዘ፣ ተከባብረው እንደሆነ፣ ለማን ተብሎ እንደሆነ፣ ሁሉም በአንዲት ቃል ውስጥ አለ፡፡ ሆም አሲስታንት ላይ እነዚህን በእጅ እየጻፉ ማስገባት ይቻላል፡፡ እኔና ወንድሜ አንድ ቅዳሜ ተቀምጠን አርባ ያህል ጻፍን፡፡ ሰዋስው እንዲህ ጠቅሞኝ አያውቅም፡፡

እዚህ ላይ ጽሑፌን ብጨርስ ደስ ባለኝ፡፡ ነገር ግን አንድ እሁድ አክስቴ ደወለችና እማማን «ሐሙስ ሌሊት ለምን አምስት ጊዜ ተነሳሽ? አመመሽ እንዴ?» አለቻቸው፡፡ ቤቱ ጸጥ አለ፡፡ አሌክሳ የተመዘገበችው በአክስቴ ስም ነበር፡፡ ስለዚህ እማማ ያዘዙት ሁሉ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነድምፃቸው፣ ሜሪላንድ ባለው ስልክ ላይ ይታይ ነበር፡፡ አክስቴ በክፋት አይደለም ያየችው፡፡ ከእናቷ የሚለያት የስምንት ሰዓት ልዩነትና አንድ ውቅያኖስ ነው፤ «ዛሬም ተነስታለች፣ ደህና ናት» ብላ መተኛት ፈልጋ ነው፡፡ እማማ ስልኩን ሲጨርሱ «ልጄ ናት፤ ከሷ የምደብቀው የለኝም፡፡ ግን መጀመሪያ ልትነግረኝ ይገባ ነበር» አሉ፡፡ ከዚያም በዳበሳ ሄደው ገመዱን ከሶኬቱ ነቀሉት፡፡

እኛ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተምረናል? ድምፅ ከመቅዳትህ በፊት ፈቃድ ጠይቅ፣ ለምን እንደምትቀዳ ንገር፣ ማን እንደሚሰማው አሳውቅ፡፡ ቤታችን ውስጥ ለወራት የቆመው መቅጃ ግን እማማን አልጠየቀም፤ ለቡና የሚመጡትን ጎረቤቶችማ ጭራሽ፡፡ ኩባንያውም ቢሆን ጥያቄ ሲነሳበት ኖሯል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 የብሉምበርግ ጋዜጠኞች ሠራተኞች ከአሌክሳ የሚመጡ ቅጂዎችን እንደሚያዳምጡ ይፋ አደረጉ፡፡ በ2023 አማዞን የሕፃናትን የድምፅ ቅጂ አያያዝ በተመለከተ በአሜሪካ መንግሥት ለቀረበበት ክስ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፡፡ በመጋቢት 2025 ደግሞ አንዳንዶቹ ኢኮዎች የነበራቸው «ድምፄን አትላኩ» የሚለው ምርጫ ቀረ፡፡ ይህን ሁሉ ለእማማ በዝርዝር ነገርኳቸው፡፡ የኔ የመጀመሪያ እውነተኛ አንባቢ፣ ይቅርታ፣ አድማጭ እሳቸው ናቸው፡፡

ሰምተው ሲያበቁ ውሳኔ ሰጡ፡፡ አሌክሳ ቤት ትቆይ፤ ሰው ሲመጣ ግን ትነቀል፡፡ ምዝገባው ከአክስቴ ስም ይውጣ፡፡ አክስቴም ጤንነታቸውን ማወቅ ስትፈልግ «ደውላ ትጠይቀኝ» ተባለ፡፡ አሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ ትደውላለች፡፡ ለሌሊቱ ደግሞ ወንድሜ ከአልጋቸው ራስጌ አንዲት በባትሪ የምትሠራ ቁልፍ ለጠፈላቸው፡፡ ሲጫኗት ሦስቱም አምፖሎች ይበራሉ፡፡ ኢንተርኔት አትፈልግም፣ ቋንቋ አትፈልግም፣ አትሰማም፡፡ ኢንተርኔት በጠፋበት አንድ ሌሊት አሌክሳ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ እማማ ቁልፏን ተጭነው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ፡፡ እስካሁን አልወደቁም፡፡

ታዲያ ይህ ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምናችን ነው? እንዲህ ዓይነት ማሽኖች ቋንቋ የሚማሩት ከሰው ድምፅና ከጽሑፍ ነው፡፡ የሞዚላ ኮመን ቮይስ የሚባለው ፕሮጀክት ሰዎች ዓረፍተ ነገር እያነበቡ ድምፃቸውን የሚለግሱበት ሲሆን አማርኛም አለበት፡፡ የተሰበሰበውን ማንም ሰው በነፃ ወስዶ ይጠቀምበታል፡፡ የሚያነብ ድምፅ፣ የተስተካከለ አማርኛና የመቅጃ ልምድ ያለው ከኛ ዲፓርትመንት በላይ ማን አለ? እኔ ሃያ ዓረፍተ ነገር አንብቤ ልኬያለሁ፡፡ ማንም እንደሚጠቀምበት አውቄ፣ ተጠይቄ፣ ፈቅጄ ነው የላክሁት፡፡

የእማማ ድምፅ ግን ይለያል፡፡ የወጣት የዜና አንባቢ ድምፅ ብቻ የለመደ ማሽን፣ ጥርሳቸው የጎደለ፣ የጎጃም ዘዬ ያላቸው የ78 ዓመት ሴት «አብሪልኝ» ሲሉ አሁንም ሚያዝያ ሊመስለው ይችላል፡፡ ስለዚህ እሳቸውንም ጠየቅኋቸው፤ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሰማው፣ አንዴ ከተሰጠ ማስመለስ እንደማይቻል ሁሉንም ነግሬ፡፡ «ላስብበት» ብለውኛል፡፡ እኔም አላጣደፍኳቸውም፡፡