በሳህን ላይ የሚያፈራው ሐረግ

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ጃፓን አገር የመሄድ ዕድል ቢገጥማችሁ፥ ከቶኪዮ በባቡር ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ በሳይታማ ከተማ ያለውን የኦሚያ የቦንሳይ መንደር ሳታዩ እንዳትመለሱ። ቦንሳይ ማለት በሳህን የተተከለ ማለት ሲሆን፥ ዛፍን አሳንሶ የማሳደግ ጥበብ ነው።

መንደሩ የተቆረቆረው ከመከራ በኋላ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 የምድር መናወጥና እሳት ቶኪዮን ባጠፋ ጊዜ፥ አትክልተኞቹ ሰፊ መሬትና ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ወደዚህ መጥተው በ1925 መንደራቸውን መሠረቱ። በዚያ ለመኖር የሚሻ ሁሉ ቢያንስ 10 ቦንሳይ እንዲኖረው፥ በሩንም ለተመልካች ክፍት እንዲያደርግ ደንብ አወጡ።

በጃፓን በቦንሳይነት ከሚያድጉት መካከል ጥድ የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ስለ አኬቢ ልንገራችሁ። አኬቢ በጫካ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ሐረግ ነው። በጸደይ ያብባል፤ በመከር ፍሬው በስሎ በራሱ ይሰነጠቅና ነጭና ጣፋጭ ውስጡን ያሳያል፤ በብርድ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል።

ሐረግ ሩጫ ይወዳል፤ ግንዱ ግን የሚወፍረው በዝግታ ነው። ስለዚህ አትክልተኛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደ ልቡ እንዲዘረጋ ይተወዋል፤ ግንዱ ሲጠና ረጃጅሙን ቅርንጫፍ ይቆርጣል። በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱም ቡቃያው ሳይፈነዳ ከሳህኑ አውጥቶ ሥሩን ይከረክማል፤ አፈሩንም ይለውጣል።

አኬቢ ወንዴና ሴቴ አበባ በአንድ ሐረግ ላይ ቢያወጣም ብቻውን እምብዛም አያፈራም፤ ዘሩ የተለየ ጎረቤት ያስፈልገዋል። አትክልተኛው የአንዱን የአበባ ዱቄት በቀጭን ብሩሽ ወስዶ ለሌላው ያደርሳል። ፍሬው ሲበዛ ደግሞ ጥቂቱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይቀነጥሳል፤ በሳህን የተወሰነ ሥር ያን ሁሉ መሸከም አይችልምና። ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የዘንድሮውን ፍሬ የሳሳለት ሰው የከርሞውን ሐረግ ያደክማል።

ቦንሳይ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ነገር ግን በሙቀት ወራት ጥቂት ቀን ውሃ ቢያጣ የብዙ ዓመት ድካም ከንቱ ይቀራል። ዛሬ በመንደሩ የቀሩት አትክልተኞች ጥቂቶች ናቸው። በ2010 በአጠገባቸው የቦንሳይ ሙዚየም ተከፍቷል፤ ይሁን እንጂ ጧት ተነሥቶ የሚያጠጣ ወጣት ካልተገኘ፥ ሙዚየሙም ቢሆን የሚያሳየን ባዶ ሳህን ነው።