ልቧን ለብሬታኝ የተወችው ንግሥት

ፈረንሳይ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ፓሪስ ነው። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ብሬታኝን ነው፤ በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ አትላንቲክ ውስጥ ገብታ የተዘረጋችውን፣ ነፋስ የማይለያትን ምድር።

ብሬታኝ ለብዙ ዘመን በራሷ መስፍን የምትተዳደር ግዛት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1488 መስፍኑ ሲሞት አልጋውን የወረሰችው ልጁ አን ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያም ሁለት የፈረንሳይ ነገሥታትን፣ አንዱ ሲሞት ሌላውን፣ አገባች። በ1514 ስታርፍ አስከሬኗ ፓሪስ አጠገብ ከነገሥታቱ ጋር ተቀበረ፤ ልቧ ግን በወርቅ ዕቃ ተደርጎ በዚያን ጊዜ የብሬታኝ በነበረችው ናንት ከተማ፣ ከወላጆቿ መቃብር ገባ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። በ1532 ግዛቷ ከፈረንሳይ ጋር ተዋሐደች። ናንትም ቢሆን ዛሬ በአስተዳደር ከብሬታኝ ውጭ ናት፤ ይህ እስካሁን የሚያስቆጣቸው ሰዎች አሉ።

ለማየት ለሚሄድ ሰው ብዙ ነገር አለ። ካርናክ ላይ ከሦስት ሺህ በላይ ድንጋዮች፣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ተተክለው፣ በረድፍ ቆመዋል። በግንብ የታጠረችው ሳን ማሎ በነሐሴ 1944 በጦርነት ነድዳ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት። እዚያ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ 12 ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። ሲጎድል ደራሲው ሻቶብርያን ወደተቀበረባት ደሴት በእግር ይኬዳል፤ ሰዓቱን ያላየ ግን ውሃው መመለሻውን ይዘጋበታል። በአቅራቢያው ራንስ ወንዝ ላይ ከ1966 ጀምሮ ከዚሁ ሙላትና ጉድለት መብራት ይመነጫል።

ምግባቸውም ደስ ይላል። ብሌ ኑዋር ከሚሉት ጠቆር ያለ እህል ሊጡን ያቀጥኑና በጋለ የብረት ምጣድ ላይ በትንሽ የእንጨት መጥረጊያ ያዞሩታል። ዓይን ሲያወጣ እንጀራችን ትዝ ይላል። ጨው የገባበት ቅቤ ይቀባል፣ እንቁላል ይሰበርበታል፣ ጠርዙ ይታጠፋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የቋንቋቸው ነገር ነው። ብሬቶንኛ ከፈረንሳይኛ ጋር በቅርብ አይዛመድም፤ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከብሪታንያ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች ያመጡት የኬልቶች ቋንቋ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረው ነበር። ትምህርት ቤት ግን ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከተያዘ አንገቱ ላይ አሮጌ የእንጨት ጫማ ወይም ሌላ ዕቃ ይንጠለጠልበት ነበር። ከአንገቱ የሚወርድለት ሌላ ጓደኛው ሲናገር ሲይዝ ነበር፤ ማታ ላይ የተገኘበት ይቀጣ ነበር። ልጅን በልጅ ላይ ሰላይ ማድረግ! እንዲህ ተሸማቅቀው ያደጉ ወላጆች ለልጆቻቸው ፈረንሳይኛ ብቻ አወረሱ። ዛሬ ተናጋሪው ከ200 ሺህ በታች ነው፤ ብዙዎቹም አረጋውያን ናቸው።

በ1977 ወላጆች ተሰባስበው ዲዋን የተባሉትን በብሬቶንኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች መሠረቱ። በ2021 ፓርላማው የአካባቢ ቋንቋዎችን የሚደግፍ ሕግ ቢያወጣም፣ ትምህርትን ሙሉ ለሙሉ በእነዚህ ቋንቋዎች መስጠትን የሚፈቅደውን አንቀጽ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ሻረው። ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። ፈረንሳይኛን የሚያህል ቋንቋ ከጥቂት ሺህ ሕፃናት ምን ይፈራል?

አውሮፓ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከፓሪስ እስከ ብሬታኝ ዋና ከተማ ሬን በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሂዱና እዩ። የመንገድ ምልክቶቹ በብዙ ቦታ በሁለት ቋንቋ ተጽፈዋል፤ ብሬቶንኛውንም አንብቡት፣ ሰዎቹንም እንዴት እንደሚባል ጠይቋቸው።