በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር

ከተሞክሮዬ

የምሰበስበው ውድ ሥዕል አይደለም። ለመጽሐፍ፣ ለመጽሔትና ለፊልም የሚስሉ የዘመናችን ሠዓሊዎች በተወሰነ ቁጥር አትመውና ፈርመው የሚሸጧቸውን የወረቀት ሥራዎች ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ ብዙዎቹን ያገኘሁት ቤተዝዳ ውስጥ በሚካሄደው ስሞል ፕሬስ ኤክስፖ በሚባለው የሥዕላዊ መጻሕፍት ገበያ ነው። እዚያ ሠዓሊው ራሱ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ይሸጣል፤ የጠየቁትንም ይመልሳል። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ዛሬ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቢኖር እነዚህን ነገሮች ከእኔ ቀድሞ እንዲያውቃቸው እፈልጋለሁ።

1. ትንሽ ቁጥር የተሻለ ቅጂ ማለት አይደለም።

ከሥዕሉ ግርጌ በስተግራ በእርሳስ 12/100 ተብሎ ከተጻፈ፣ ቁጥር ከተሰጣቸው መቶ ቅጂዎች አሥራ ሁለተኛ ሆኖ የተመዘገበው ነው። እኔ 3/100 ሲደርሰኝ 87/100 ከደረሰው ሰው የበለጠ ነገር የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ሠዓሊ ስትፈርም አጠገቧ ቆሜ ባየሁ ጊዜ ይህ አሳብ ቀረ። ወረቀቶቹ ከማድረቂያው መደርደሪያ የወጡት ተደበላልቀው ነው፤ እጇ የገባውን እያነሣች 1፣ 2፣ 3 እያለች ጻፈችባቸው። መጀመሪያ የታተመው የትኛው እንደሆነ እርሷም አታውቀውም፤ ማወቅም አላስፈለጋትም። ቅደም ተከተል በርግጥ ለውጥ የሚያመጣው እንደ ድራይፖይንት ባለው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር ሠዓሊው የመዳብ ሰሌዳውን በመርፌ ሲጭረው ከጭረቱ ዳር ስስ የብረት ጠርዝ ይነሣል፤ ለመስመሩ ያንን ከፈይ የመሰለ ጥቁረት የሚሰጠው እርሱ ነው። ጠርዙ በማተሚያው ግፊት ቶሎ ስለሚሟሽሽ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይሻላሉ። ዛሬ ብዙዎቹ ሠዓሊዎች የሚሠሩበት ስክሪን ፕሪንት ግን ይህ ጣጣ የለበትም።

2. እንዴት እንደታተመ የማያውቅ ሰው ዋጋውን መመዘን አይችልም።

እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሃያትስቪል ያለው ፒራሚድ አትላንቲክ የተባለ የሥነ ጥበብ ማዕከል ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የህትመት ትምህርት መውሰዴ ከገዛኋቸው ሥዕሎች ሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። በስክሪን ፕሪንት ወንፊት መሳይ ስስ ጨርቅ በፍሬም ላይ ይወጠራል፤ ቀለም የማያስፈልገው ቦታ ይደፈናል፤ ከዚያ ቀለሙ በጎማ መጥረጊያ አንድ ጊዜ ይሳባል። ይህ ለአንድ ቀለም ብቻ ነው። ስድስት ቀለም ያለው ሥዕል ስድስት ጊዜ በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ በየመሐሉም መድረቅ አለበት። ወረቀቱ በአንዱ ዙር ላይ የፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ በሁለቱ ቀለሞች መሐል ነጭ ክር ይወጣና ቅጂው ይጣላል። የእኔዎቹ አብዛኞቹ ተጥለዋል። እዚያ ከመቆሜ በፊት፣ አርባ ዶላር ለአንድ ወረቀት ብዙ ነው እያልኩ የምከራከረው እኔ ነበርኩ።

አሁን ከኪሴ ትንሽ ማጉያ መነጽር አይለይም። በስክሪን ፕሪንት ላይ ሲያስጠጉት ቀለሙ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ በወረቀቱም ላይ በስሱ ተነሥቶ ተቀምጧል፤ ሁለት ቀለሞች የተደራረቡበት ሥፍራ ደግሞ ሦስተኛ ቀለም ሊወልድ ይችላል። ከኮምፒውተር በቀለም መርጫ ማሽን የወጣው፣ ዢክሌ የሚሉት ህትመት፣ በመነጽሩ ሥር የደቃቅ ነጠብጣብ ርጭት ነው። ዢክሌ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥሩ ወረቀትና ጥሩ ቀለም ካገኘ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በውኃ ቀለም የተሠራን ሥዕል እንደርሱ አድርጎ የሚያቀርብም የለም። ነገር ግን ፋይሉ እስካለ ድረስ ነገም ሊታተም ይችላል። የስክሪኑ ጨርቅ ግን አንዴ ከታጠበ እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት። ስለዚህ በዢክሌ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሙሉ በሙሉ የሻጩ ቃል ነው።

3. ፊርማ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1974 የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ወደ አንዶራ የሚጓዝ መኪና አስቁመው ሲፈትሹ 40,000 ያህል ባዶ ወረቀት አገኙ። ሁሉም ላይ የሠዓሊው የሳልቫዶር ዳሊ ፊርማ አለ፤ ሥዕል ግን አንዱም ላይ የለም። ከዚያ ወዲህ በዳሊ ፊርማ የሚሸጥ ህትመት ሁሉ በጥርጣሬ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔ ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። መቶ ቅጂ ብቻ ተብሎ የገዛሁት ሥዕል ዓመት ሳይሞላው በሌላ መጠንና በሌላ የወረቀት ቀለም እንደ አዲስ እትም ወጣ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እኔ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በጠቅላላ ስንት ቅጂ እንዳለ፣ ሠዓሊው ለራሱ ያስቀረው ኤፒ የሚባለው ቅጂ ስንት እንደሆነና ሥዕሉ በሌላ መጠን ይወጣ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቅን ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

4. ብርሃን ቀስ ብሎ ይሰርቃል።

ራይዞግራፍ በሚባል የማባዣ ማሽን የታተመ፣ ሮዝ ቀለም የበዛበት ሥዕል ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሰቀልኩ። ሲደበዝዝ አላየሁትም፤ በየቀኑ ለሚያየው ሰው አይታወቅም። ለጽዳት ሳወርደውና ፍሬሙን ስከፍተው ግን በዙሪያው ባለው ማት ካርቶን ሥር ተሸፍኖ የቆየው ጠርዝ እንደ ድሮው ደማቅ ሮዝ ነው፤ መሐሉ የሥጋ ቀለም ሆኗል። ቤተ መዘክሮች የወረቀት ሥራዎችን የሚያሳዩት ወደ 50 ሉክስ በሚጠጋ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ ለተወሰኑ ወራት ካሳዩ በኋላም ወደ ጨለማ መሳቢያ ይመልሷቸዋል። ከአልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወት ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እኔም አሁን ሥዕሎቼን እያፈራረቅሁ እሰቅላለሁ። ፍሬም ቤት ስትሄዱም በፕላስተር ወይም በሙጫ እንዳይለጥፉት አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ የተያዘ ሥዕል በሌላ ጊዜ ሳይጎዳ ይላቀቃል።

5. ነገ ይወደዳል ብዬ የገዛሁትን አላየሁትም።

በደቂቃዎች ውስጥ ተሸጠው የሚያልቁ የፊልም ፖስተሮች ነበሩ፤ ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ የተጀመረው ሞንዶ የተባለ አሳታሚ በዚህ ይታወቅ ነበር። ከነቱቦው እየተቀበልኩ ቁም ሣጥን ውስጥ አቆማቸው ነበር፤ መክፈቱ ዋጋቸውን የሚቀንሰው እየመሰለኝ። ባለቤቴ አንድ ቀን “ታዲያ ለማን ነው የገዛኸው?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንዳንዶቹ በርግጥ ተወደዱ፤ ሸጥኳቸውም። ዛሬ የአንዳቸውንም መልክ በትክክል አላስታውስም።

6. ማየት በነፃ ነው።

ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የህትመት ሥራዎችን ቀጠሮ ለያዘ ሰው ሁሉ ያሳያል። ወረቀቱ ያለ መስታወት ፊታችሁ ይቀመጣል። የሠዓሊዋን የኬተ ኮልቪትስን ሥራዎች እዚያ በቅርብ ካየሁ በኋላ ስለ ህትመት የነበረኝ አስተሳሰብ ተገለበጠ። የበርሊኗ ኮልቪትስ የድኾችን ሐዘንና የሠራተኞችን ትግል ለማሳየት ህትመትን የመረጠችው ሥራዋ ብዙ ሰው ዘንድ እንዲደርስ ነው። ሠዓሊው አልብሬሽት ዱረርም እ.ኤ.አ. በ1515 አውራሪሱን በእንጨት ህትመት ሲያወጣ ቁጥር አልጻፈበትም፤ ቁጥር መጻፍ የተለመደው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እኔ የምሳሳለት ብርቅነት ገበያው ያመጣው ነገር እንጂ የሙያው ባሕርይ አልነበረም።

እዚያው የእንጨት ህትመት ሳይ የአገሬን ባለማወቄ አዘንኩ። ጀርመናዊው ሐንሰን ባይያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ህትመት አስተምሯል፤ ዘሪሁን የትምጌታም በእንጨት ህትመት ድንቅ ሥራ ሠርቷል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት የሩቅ አገር ፖስተር ሳሳድድ ከቆየሁ በኋላ ነው። አሁን አዲስ አበባ ስሄድ ከወጣት ሠዓሊዎች የህትመት ሥራ እጠይቃለሁ፤ ሲገኝ እገዛለሁ።

7. ጻፉት።

ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛሁ፣ በምን እንደታተመና ሠዓሊው ምን እንዳለኝ በአንድ ደብተር እመዘግባለሁ፤ ደረሰኙንም አያይዛለሁ። በሥዕሉ ጀርባ ላይ ግን በእስክሪብቶ ምንም አይጻፍም፤ ቀለሙ ሰርጎ በፊት በኩል ይወጣል። ግድ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ፣ ያውም ጥግ ላይ፣ ሳይጫኑ።