ከሐይቅ እስከ ዋልድባ

ባለፈው ሳምንት በማለዳ ደባርቅ መናኸሪያ ነበርሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አጠገቤ አንድ አረጋዊ መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርደውን መኪና ይጠብቃሉ።

«አባ፣ ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«ወደ ገዳም፣ ልጄ።»

ዋልድባ ማለታቸው ነው። እህል የማይቀመስበት፣ መነኮሳቱ በቋርፍ የሚኖሩበት ገዳም። መኪናው ስለዘገየ ስለ ገዳሙ አባት ስለ አቡነ ሳሙኤል ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን የጀመሩት ከላይ ነው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ፦ ኢየሱስ ሞዐ ተክለ ሃይማኖትን፣ ተክለ ሃይማኖት መድኃኒነ እግዚእን፣ መድኃኒነ እግዚእ ሳሙኤልን ወለዱ። የቆብ ልደት መሆኑ ነው። የደብረ በንኰሉን መድኃኒነ እግዚእንና ሳሙኤልን አውቅ ነበር። የእኛ ቆላ ገዳም ሐረግ ወሎ ሐይቅ ድረስ መውጣቱን ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሐረጉ መነሻ፣ የሐይቁ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከሐሳቤ አልወጡም።

የተወለዱት ዳህና ነው። ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ እጅ መነኰሱ። በ1240 ዓ.ም. ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ ደረሱ። ቦታው ያኔ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ቤተ ክርስቲያኑ በትውፊት ከንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። እሳቸው ሲደርሱ ሕንጻ አልጎደለም፣ ታቦትም አልጎደለም። የጎደለው በአንድ ሥርዓት የሚጸልይ፣ የሚማርና የሚያስተምር ማኅበር ነው። እዚያ 45 ዓመት ኖረው፣ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1285 ዓ.ም. ድረስ ያን ማኅበር አቆሙ። ኅዳር 26 የምናስባቸው ለዚህ ነው።

ስማቸው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ከአፄ ይኩኖ አምላክ ጋር ስላላቸው ታሪክ ነው። የሐይቅ አበምኔቶች «ዐቃቤ ሰዓት» ተብለው በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ መያዛቸውም እውነት ነው። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ የሚበልጥብኝ አንድ መጽሐፍ ነው። በ1273 ዓ.ም. ለሐይቅ የሰጡት የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የራሳቸው ሥዕልም አለበት። ብራና ሲዘጋጅ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይሰመራል። ቀለሙ ይበጠበጣል። ከዚያ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል ይለቅማል። አንድ ወንጌል የስንት በግና ፍየል ቆዳ፣ የስንት ወር ዐይን እንደሚበላ አስቡት። ሐይቅ የመጻሕፍት ቤት የሆነው እንዲህ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ለዓመታት የተቀመጡት እዚያ ነው። ኋላ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አቡነ ኂሩተ አምላክም የሐይቅ ፍሬ ናቸው።

ገዳምን ከመጻሕፍቱ ጋር ማቅናት የሐይቅ ብቻ ታሪክ አይደለም። በኢጣሊያ የሞንቴ ካሲኖ ገዳም አበምኔት ዴሲዴሪዮስም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1058 እስከ 1087፣ ገዳሙን እንዲሁ አድሰዋል። በ1071 አዲሱን ቤተ ክርስቲያን አስመረቁ፤ ከሕንጻው ጋር ግን መጻሕፍትም ያስገለብጡ ነበር። ሁለቱ አባቶች በዘመንም በአገርም ቢራራቁ፣ ሥራቸው ግን ይመሳሰላል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለእኛ ነው። ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከሰሜኑ ጦርነትም በኋላ፣ የምናውቀው የማደስ ሥራ ቆርቆሮ መቀየር፣ ቀለም መቀባት፣ አጥር ማጠር ነው። እኔም አዋጥቻለሁ፣ ነገም አዋጣለሁ፤ የሚያፈስ ቤተ መቅደስ ዝም አይባልም። ግን በዚያው አጥር ሥር ደበሎ ለብሶ «ስለ ቸርነቱ» እያለ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ጎጆው ያፈሳል። የኔታ ሲያርፉ ጉባኤው ይበተናል። ምንጣፍ ለመግዛት ኮሚቴ ስናቋቁም አውቃለሁ፤ ለአንድ የድጓ መምህር የዓመት ቀለብ ለመስጠት ስንሰበሰብ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁም። ይህ ያመኛል። ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ ላይ ቅጥር ብቻ ቢያድሱ ኖሮ፣ አረጋዊው መነኩሴ መናኸሪያ ቆመው የሚቆጥሩት ሐረግ አይኖርም ነበር።

መኪናው መጣና አባ ተሳፈሩ። ከመውጣታቸው በፊት ደጅ የቆመውን አንድ ደበሎ ለባሽ ልጅ ጠርተው «ምን ላይ ደረስህ?» አሉት። «ጾመ ድጓ» አላቸው። ባረኩት። ከኮሮጇቸውም የቋጠሩትን ቆሎ አውጥተው በደበሎው ጫፍ ቋጠሩለት።

ደባርቅ፣ ዳባት፣ አዲአርቃይ ያላችሁ፦ በደብራችሁ የሚያስተምሩ የኔታ አሉ? ስንት ተማሪ ይዘዋል? ተማሪዎቹስ የት ያድራሉ? እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ከክረምቱ በፊት የተማሪዎቹን ጎጆ ሣር መክደን ከየትኛው ጉባኤ እንደምንጀምር አብረን እንወስናለን።