የአባቴ እግርና የመኪናዋ በር

መቼም አዳማ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁለት ባላጋራ አለው፤ አንዱ በበጋ ይመጣል፣ ሌላው በክረምት። የበጋው አቧራ ነው። የከተማዋ ነፋስ ምን ያህል እንደሚበረታ ለማወቅ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የመብራት ማመንጫ ተርባይኖች ማየት ይበቃል፤ ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም። የስምጥ ሸለቆው አፈር ደግሞ የእሳተ ገሞራ ትራፊ ነውና ቀላልና የላመ ነው። ዘጋሁት ሲሉ ይገባል፣ ጠረግሁት ሲሉ ይቀራል። በሞጆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ መንገድ የተመላለሰ ያውቀዋል። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ይመጣና በየቀዳዳው የተኛውን ያንን ዱቄት ያቦካዋል። ይህን የምጽፈው ለባለ መኪና ብቻ ነው እንዳይባል፣ ሚኒባስ ውስጥ በር ጥግ ተቀምጦ ቀኝ ጉልበቱ ረጥቦ ሥራ የገባ ሁሉ የጉዳዩ ባለቤት ነው።

የእኛ ቤት መኪና በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ዲኤክስ ቶዮታ ናት። አባቴ ዕድሜያቸውን የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው፣ የራሴ ብለው የገዟት እሷን ብቻ ነው። ዛሬ ዓይናቸው ስለደከመ መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው በአፍ ይነዳሉ።

አባቴ ስኳር አለባቸው። ሕመሙ ሲቆይ የእግርን ስሜት እንደሚያደነዝዝ፣ ያልታወቀች ትንሽ ቁስል አመርቅዛ እስከ መቆረጥ እንደምታደርስ፣ ሐኪም ቤት የተመላለሰ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል። እግር ይድረቅ፣ በጣቶች መካከል እርጥበት አይቅር ይባላል። ታዲያ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይዣቸው ስሄድ ከሞጆ ጀምሮ ዝናብ ወረደብን። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፈጣን መንገድ ለፍጥነት ይመቻል እንጂ፣ በዚያ ፍጥነት ላይ ዝናቡ በጎን ይመታል፤ በሩ ላይ የተገኘችውን ክፍተት ሁሉ ይፈትሻል። ቱሉ ዲምቱ ክፍያ ጣቢያ ቆመን ብር ሳወጣ ዓይኔ ወደ እግራቸው ወረደ። የቀኝ እግራቸው ጫማ ውሃ ውስጥ ተነክሯል፣ ካልሲያቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ረጥቧል።

«አባባ፣ ውሃ ውስጥ ነዎት እኮ!» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። «እውነትህን ነው» አሉ፤ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው።

አዳማ ስንመለስ መኪናዋን የወሰድኩበትን ጋራዥ ስም አላነሣም። «የበሩ ጎማ ሞቷል» ተባልኩ። ጎማው ተቀየረ፤ ለበለጠ ዋስትና ተብሎም የበሩ የታችኛው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በሲሊኮን ታሸገ። በሚቀጥለው ዝናብ ወለሉ ከበፊቱ የባሰ ረጠበ። ይባስ ብሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስንታጠፍ በሩ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ጎደለ እንስራ ይንቦጫረቅ ጀመር።

ምሥጢሩን የነገሩኝ ዕድሜያቸውን በላሜራ ሥራ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ የመኪና በር ውሃ አያስገባም ያለህ ማነው?» ብለው ጀመሩ። መስተዋቱ ሲወጣና ሲወርድ የሚታከከው ስስ ጎማ ውሃውን ይጠርጋል እንጂ አያግድም። ውሃው በመስተዋቱ ላይ ወርዶ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ሠሪዎቹም ይህን አውቀው ከበሩ ሥር ሁለት ሦስት ትንንሽ መውጫ ቀዳዳ አብጅተውለታል። በሩ ሆድና እኛ ክንዳችንን በምናስደግፍበት ሽፋን መካከል ደግሞ ፕላስቲክ ይለጠፋል። ውሃው ፕላስቲኩን መትቶ ቁልቁል ይፈስሳል፣ በቀዳዳዎቹ ይወጣል። ነገሩ ይኸው ነው። የመስተዋት ማዞሪያ ወይም የበር ቁልፍ ሊጠግን ሽፋኑን የፈታ መካኒክ ግን ያንን ፕላስቲክ ቀድዶ ይጥለዋል። የማሸጊያ ወረቀት ይመስለዋል መሰለኝ።

ሽማግሌው ሲሊኮኑን በቢላ ፈቅፍቀው ቀዳዳዎቹን በሽቦ ሲወጉ ወደ አንድ ጆግ የሚጠጋ ቀይ ውሃ ወረደ፤ ቅላቱ ዝገት ነው። ከውሃው ኋላ ጭቃው ተከተለ፤ የስንት በጋ የአዳማ አቧራ ረግቶ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል። የእኛው በር ፕላስቲክ የለውም፤ ከዓመታት በፊት ቁልፉ ሲጠገን ሄዷል። አዲሱ ጎማ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ምናልባት አሮጌውም እንዲሁ። ሽማግሌው ለአበባ እርሻ ጣሪያ የሚሆነውን ዓይነት ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጠው፣ ዙሪያውን በማስቲሽ ለጥፈው፣ የታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ሆድ አስገቡት፤ የሚንጠባጠበው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ቀዳዳው እንዲሄድ።

ጎማው የሚከሰስበት ጊዜም አለ። የቆላ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ለዓመታት ተጨፍልቆ ኖሮ ተመልሶ መንፋት ያቅተዋል። ለመለየት ግን ጠመኔ ይበቃል። ጎማውን ዙሪያውን ጠመኔ መቀባት፣ በሩን ዘግቶ መክፈት፤ ብረቱ ላይ የጠመኔው ምልክት ያልታተመበት ቦታ ውሃ የሚገባበት ነው። ወይም ወረቀት አስገብቶ በሩን መዝጋትና መሳብ፤ ሳይያዝ ከወጣ እዚያ ላይ ጎማው አይነካም። ይህም ሆኖ ጎማው ደህና፣ በሩ ግን ከማጠፊያው የወረደ ሊሆን ይችላል። በሩን ከፍቶ ጫፉን ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የማጠፊያው ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሩ የሚቆለፍበትን መያዣ ፈታ አድርጎ ጥቂት ወደ ውስጥ መግፋት ይበቃል። በውሃ የሚፈትሽም ሰው ከላቫጆው የኃይል ውሃ ይራቅ፤ እሱ ደህናውንም በር ያስለቅሳል። ጎማው በዝግታ ከታች ወደ ላይ ይጠጣ፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ።

በየመንገዱ የማየው አንድ ልማድ ግን ያናድደኛል፤ ጎማው እንዲለሰልስ ብሎ ግራሶ ወይም ናፍታ መቀባት። የዛሬዎቹ የበር ጎማዎች በአብዛኛው የነዳጅ ዘር አይወዱም፤ ያብጣሉ፣ ይላሽቃሉ። የሳሙና ውሃ፣ ካስፈለገም የሲሊኮን ቅባት ይሻላቸዋል። ለነገሩ ጎማው ሁሉ እንደ ድሮ ቮልስ ቢሆን ማን ባወራ! መስተዋቷን ትንሽ ዝቅ ሳያደርጉ በሯን መዝጋት ትግል ነበር፤ የታፈነው አየር መውጫ ያጣል።

ሥራው በዚህ አላበቃም። ሞኬቱ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እንደ ረጠበ ነበር፤ ላዩ ደርቆ እሱ ለሳምንታት ውሃ ይይዛል፣ ወለሉን ይበላል። ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ወለሉ ሁለት ቦታ ላይ በጣት ይበሳል፣ ተበየደ።

ታላቅ ወንድሜ «ትሸጥና እንገላገል» ማለቱን አላቆመም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚጠራውን ዋጋ ስሰማ እኔም አልፎ አልፎ ሳልወድ አስባለሁ። አባቴ መልሳቸው አጭር ነው፤ «በሯ ከደረቀ ምን አጠፋች?» እግራቸውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጉዞው እየወረድኩ በእጄ እዳስሳለሁ። ስሜቱ የእሳቸው መሆኑ ስለቀረ የእኔ ጣት ይሠራለታል። መጀመሪያ ያፍሩ ነበር፤ አሁን ጫማቸውን ራሳቸው አውልቀው ይጠብቁኛል።

በምትኩ እሳቸው የያዙት ሥራ የቀዳዳዎቹን ነው። የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ኪሳቸው ውስጥ አለ። በየወሩ መጀመሪያ በርጩማቸውን አውጥተው አራቱን በሮች ከሥር ይወጋሉ፣ ሲጨርሱም ወደ ጎረቤት መኪኖች ይሻገራሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። ባለፈው ከጎረቤታችን እህል አመላላሽ ሚኒባስ በር ሥር ያወጡት ጭቃ መካከል የበቀለ ጤፍ አገኙና ባለቤቱን ጠርተው አሳዩት። «ግብር ትከፍልበታለህ?» አሉት።